በሌላ ሰው ደረት

በእኛ ከተማ ጫማ የሚሰፋው በአንድ ሰው እግር ልክ ነው። ይህን ስናገር የሌላ አገር ሰዎች ይስቃሉ፤ የሚያስቅ ነገር ግን አይታየኝም። እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ አባቴም ጫማ ሰፊ ነበር፣ ሁለታችንም የደንበኛ እግር ለክተን አናውቅም። እግሩ ያነሰበት ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል፣ እግሩ የበለጠበት ተረከዙን ውጭ ጥሎ ይሄዳል። እንዲህም ሆኖ ሁሉም ገበያው ደርሶ ይመለሳል።

ሰውየው «የከተማው ልክ» ይባላል። በር የሚቆረጠው በእሱ ቁመት፣ ካፖርት የሚሰፋው በእሱ ትከሻ፣ መድኃኒት የሚመጠነው እሱን በሚያድነው መጠን ነው። አራስ ልጅም ሆነ የጃጀ ሽማግሌ ሲያመው እሱ በጠጣበት ማንኪያ እሱ የጠጣውን ያህል ይጠጣል። በእኔ ጊዜ ልካችን ጉልላት የሚባል፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥርሱ ያማረ፣ ነገር የማይወድ ጎልማሳ ነበር። መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ራሱን ያስተካክላል፤ ያጠረው ይንጠራራል፣ የረዘመው አንገቱን ትከሻው ውስጥ ይቀብራል። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነበር፣ እኔም እስከዚያ ዓመት ድረስ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ያ ዓመት የጎረቤት ከተማ መልእክተኞች የመጡበት ነው። ሸንጓችን ኮረብታ ላይ ነው፣ ደረጃውም ረጅም ነው። እንግዶቹ እየተጫወቱ ወጡት። አጅበዋቸው የሚወጡት የእኛ ሹማምንት ግን መንገድ ላይ ወሬያቸው ተቋረጠ፤ ጫፍ ሲደርሱ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የሚያደርገው ሹም ቃል አልወጣው አለ። እንግዶቹ ቆመው ጠበቁት። እንዲያውም አንደኛው ወንበር እንዲያመጡለት ጠይቋል ይባላል። ሹማምንቱ በዚህ ውርደት ላይ ብዙ ከተወያዩ በኋላ ሕዝቡ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ደረሱበት።

ብዙም ሳይቆይ በየሳሎኑ ግድግዳ መርሐ ግብር ተለጠፈ። ስሙ «የቤት ውስጥ ትጋት» ነው። ጧት ጥሩንባ ሲነፋ ሁሉም ሰው ቤቱ ውስጥ ይዘላል፣ ቁጢጥ ብድግ ይላል፣ ፑሽ አፕ ይሠራል፣ ባለበት ይሮጣል፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና መዝለል ነው። ከሰዓት በኋላም ይኸው ይደገማል። ሳምንት በመጣ ቁጥር ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስለትም፣ የዕረፍት ቀንም የለውም። ከታች በደቃቅ ፊደል «ከመጀመርዎ በፊት ለእርስዎ የሚስማማ መሆኑን የአቅም ዳኛውን ይጠይቁ» ይላል። ይህን ያነበበ ሁሉ ሹማምንቱን አሳቢ ናቸው ብሎ መረቃቸው።

ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱ መዝለል አለመዝለሉን በግድግዳው እንዲያዳምጥ ታዘዘ። እኛን የሚያዳምጡን ጋሽ አጥናፉ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅ ስላልነበራቸው እኔንና ባለቤቴን እንደ ልጅ ያዩን ነበር፣ በዓል ሲሆን ሳይጠሩን አይቀምሱም። ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ሲለጥፉም በፍቅር ነበር።

ባለቤቴ ዘነቡ ትባላለች። ሥራ አትፈራም፣ ሰውም አትፈራም፣ ዳገት ግን ትፈራለች። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታማ፣ ከዚያ ጉልበቷና ክርኗ አብጦ ከርማ፣ በሽታው ሲለቃት ልቧን ነክቷት እንደሄደ ለእናቷ ተነግሯቸው ነበር። ይህን ስለምታውቅ ኑሮዋን በብልሃት ነው የያዘችው። ውሃ ስትቀዳ በየመሃሉ ታርፋለች፣ ሲደክማት ወሬ የምትጠይቅ መስላ ከሰው ጋር ትቆማለች። ስለ መርሐ ግብሩም ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ነገር ለእኔ ይሁን አይሁን ሳላውቅ አልጀምርም አለች። ግን የአቅም ዳኛው ወረፋ ረጅም ስለነበረ፣ ጥሩንባውም ወረፋ ስለማይጠብቅ፣ ተራችን እስኪደርስ ጀመረች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳቅ ነበር። እኔ እንደ ፍየል ስዘል አይታ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ቀጥሎ ሳቁ ቀረ። ስትዘል ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ስትጨርስም ደረቷን በመዳፏ ተጭና ግድግዳ ትደገፋለች። አንድ ጧት ባለበት ሩጫ ላይ እያለን ድምፅ ሳታሰማ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ፊቷን ውሃ እየረጨሁ ሳስነሳት ከማዶ ጋሽ አጥናፉ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርገው በርቱ ልጆቼ አሉን።

በማግስቱ ተራችን ደረሰ። የአቅም ዳኛው ከመሾሙ በፊት ሐኪም ነበር፣ ያውም ጥሩ ሐኪም ነበር ይላሉ። ጉልላት ሸሚዙን ከፍቶ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከእኛ ፊት የነበረችው ነፍሰ ጡር ሴት ጉዳይዋን ስትናገር ዳኛው የጉልላትን ሆድ ዳሰሰና ምንም እንደሌለባት ነገራት፤ አመስግና ወጣች። ከዚያ ዘነቡ ቀረበች። ከልጅነቷ ሕመም ጀምራ እስከ ትናንቱ መውደቅ ድረስ ምንም ሳታስቀር ተናገረች። ዳኛው ሳያቋርጣት ሰማት፣ ሰው ሲናገር መስማት ያውቅበታል። ከዚያም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ዘነቡ።»

ወደ ጎን ዞረና ማዳመጫውን ጉልላት ደረት ላይ አሳረፈ፤ ዐይኑንም ጨፍኖ አዳመጠ። «ዘነቡ፣ ልብሽ ደህና ነው። አመታቱ ጥሩ ነው። ቀጥይ» አላት።

«ጌታዬ፣ የሚያመኝ እኮ የእኔ ደረት ነው» አለች።

ዳኛው አልተቆጣም። የሁሉም ሰው ደረት በየራሱ ቢደመጥ ሁሉም የየራሱን ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ያን ጊዜ ደግሞ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ እንደማይኖር በትዕግሥት አስረዳት። ንግግሩ ያምር ነበር። ከኋላችን የተሰለፉት ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ፤ አንዱ ደግሞ ሰዓታችንን አትግደሉ አለ። እጇን ይዤ ወጣሁ። ጉልላት ስንወጣ ቀና ብሎ አየንና ሸሚዙን ሳይቆልፍ ለሚቀጥለው ሰው ተዘጋጀ።

ከዚያ በኋላ እንድትዘል አልፈቀድኩም። ጫማ የምወጥርበት፣ በጉልላት እግር ቅርጽ የተጠረበ ከባድ እንጨት ነበረኝ፤ ረጅም እጀታ መታሁበት። ጥሩንባው ሲነፋ ዘነቡን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣትና እኔ በእግሬ እየዘለልኩ በእጄ በእንጨቱ ወለሉን እመታለሁ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። ፑሽ አፕ ድምፅ ስለሌለው እሱን ሁለታችንም ተውነው። እሷ ቁጭ ብላ ጎመን እየቀነጠሰች ታርመኛለች።

«ቀስ አድርገው እንጂ» ትለኛለች። «እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምከብደው?»

የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ፤ ሳቋም ተመለሰ። እኔ በበኩሌ ላቤ ጠብ እስኪል የሁለት ሰው ሥራ እሠራ ነበር፣ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሽ አጥናፉ በር ላይ ሲያገኙን ዘነቡን እያመሰገኑ ይመርቋት ነበር። መጀመሪያ ላይ ልፍስፍስ ብለሽ አሳስበሽኝ ነበር፣ አሁን ግን እርምጃሽ ድንቅ ነው፣ አይደክምም፣ አይዛነፍም፣ ቁርጥ የልካችንን እርምጃ ነው አሏት። እንጨት እንደማይደክም ልነግራቸው ስለማልችል አሜን አልኩ።

በዚህ መሃል ጉልላት ሱቄ መጣ። ጫማው ጠቦት ነበር። እግሩን አውጥቶ ሲያሳየኝ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። መቼ እንዲህ እንደሆነ ጠየቅሁት። ትጋቱ ከተጀመረ ወዲህ ነው አለ፤ ጧት ለሕዝቡ ምሳሌ እንዲሆን አደባባይ ይዘላል፣ ቀኑን ሙሉ ይደመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ይዘላል። ሲተኛም ትራስ ደራርቦ ካልሆነ ትንፋሹ እንደሚቆረጥ ነገረኝ። ማዳመጫው ቀኑን ሙሉ ደረትህ ላይ አይደል እንዴ፣ ለምን ለዳኛው አትነግረውም አልኩት።

«ሲያዳምጠኝ እኮ የሌላ ሰው ስም ጠርቶ ነው» አለኝ። «በራሴ ስም ወረፋ ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ‹ጉልላት፣ ልብህ እንደ ጉልላት ልብ ነው፣ ምንም አልሆንክም፣ ቀጥል› አለኝ።»

አዘንኩለት፤ ግን የማደርግለት አልነበረኝም። ያበጠውን እግሩን ለካሁ። ሕጉ ሕግ ነውና ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማው ጫማ ሁሉ ሰፋ፤ ሰው ሁሉ እንደ ዳክዬ እየተጎተተ ይሄድ ጀመር፣ ደንበኞቼም የዘንድሮ ጫማ ምቾት አለው ይሉኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልላት ትራሱን እንደተደገፈ ሞቶ ተገኘ። ዳኛው አስከሬኑን አይቶ በሙሉ ጤንነት መሞቱን አወጀ።

ልክ የሌለው ከተማ ሥራ ይፈታል። አናጢው በር አይቆርጥም፣ እኔም ጫማ አልሰፋም። ስለዚህ አዲስ ልክ በአስቸኳይ መመረጥ ነበረበት። ሹማምንቱ ግድግዳ የሚያዳምጡትን ሁሉ ሸንጎ ጠርተው ከምትሰሟቸው ጎረቤቶች እርምጃው ለጉልላት የሚቀርበው የማን ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ አጥናፉ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሌላ ተፎካካሪ አልነበረም፤ የሰው እግር ከሰው እግር ይለያያልና።

ሹሞቹን ይዘው ቤታችን ሲመጡ ፊታቸው በደስታ አብርቶ ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሏት።

እውነቱን ለሹሞቹ ነገርኳቸው። እንጨቱን አምጥቼ ፊታቸው ወለሉን መታሁት። የሚዘለው እሷ ሳትሆን ይህ ነው፣ ሚስቴ ልቧን ያማታል አልኩ። ሹሞቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። አንደኛው እንጨቱን ተቀብሎ ራሱ ሞከረውና በእርግጥም እርምጃዋ ይኸው ነው፣ ምንም አልተዛነፈም አለ። ሌላው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሚስትህ ስለበለጠችህ አትቅና አለኝ። ጋሽ አጥናፉ ስለ እኔ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሲወጡ ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። እናቷ አገር እንሄዳለን አልኳት። ዘነቡ ግን እጄን ያዘችኝ።

«በለጠ፣ እስቲ ረጋ በል» አለች። «ልክ ከሆንኩ እኮ የሚያዳምጡት የእኔን ደረት ነው።»

«እና?»

«እናማ ዳኛው ሐኪም ነው፣ የሚሰማውን ይሰማል። ለእኔ የማይሆን ከሆነ ለማንም አይሆንም ማለት ነው። ያን ጊዜ ይቆማል። ያቺ ነፍሰ ጡርስ እስከ መቼ ትዘላለች?»

በከተማችን ሕግ ከሄድን ነገሯ እንከን አልነበረውም። እኔ ግን ፈራሁ። የታሰረውን ዕቃ ራሷ ፈታችው።

የሹመቱ ቀን ከተማው አደባባይ ወጣ። እንደ ልማዳችን በዚያ ቀን ሕዝቡ አዲሱን ልክ እያየ ልኩ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ሲቆም ይቆማል፣ ሲቀመጥ ይቀመጣል። ጉልላት በተሾመ ጊዜ አስነጥሶት አደባባዩ በሙሉ አስነጥሶ ነበር። ዘነቡ ነጠላዋን ለእኔ ሰጥታ መድረኩ ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሕዝቡም መሬት ላይ ተቀመጠ። ዳኛው መጥቶ ማዳመጫውን ሰካና የሌላ ሰው ስም ሳይጠራ ደረቷ ላይ አደረገው።

እንደ ልማዱ ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ወዲያው ግን ገለጠው። ማዳመጫውን ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ብብቷ ወሰደው፣ ትንፋሽሽን ያዢ አላት፣ እንደገና አዳመጠ። ድሮ የሚያውቀውን ሥራ እጁ ያስታወሰ መሰለኝ። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ልጅ ሆነሽ ጉሮሮሽን ታመሽ ነበር?» አላት በዝግታ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«መቼ?»

«በእኔ ስም የጉልላትን ደረት ያዳመጡ ቀን።»

ዳኛው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አፉን ሲከፍትም አይቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ሹማምንቱን አየ፣ የተቀመጠውን ሕዝብ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ የጤነኛ ልብ ድምፅ ይህ ነው» ብሎ አወጀ። ጭብጨባው አደባባዩን ሞላው። በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን ያዝኩት።

«የልክን ልብ ታሟል ብዬ የምፈርድበት ሕግ የለኝም» አለኝ ዐይኔን ሳያየኝ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

ጥሩንባው ሊነፋ ሲል መድረኩ ላይ ወጥቼ እንሂድ አልኳት። ክንዷን ጎትቻለሁ። እሷ ግን ሕዝቡን ታይ ነበር፤ ነፍሰ ጡሯ ከፊት ተቀምጣለች፣ ልትወልድ ተቃርባለች። ሹመቱ የሚጸናው ልኩ መርሐ ግብሩን አንድ ጊዜ ሕዝብ ፊት ሲጨርስ እንደሆነ ነግረዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው የልኩ ፈቃድ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ። «ነገ ቁጭ እላለሁ። እኔ ቁጭ ስል ሁሉም ቁጭ ይላል።»

ጥሩንባው ተነፋ። ዘነቡ ተነስታ ዘለለች፣ ከተማውም ተነስቶ ዘለለ። ቀስ አድርጋ ነበር የምትዘለው፣ በብልሃት፣ ውሃ እንደምትቀዳበት ጊዜ ኃይሏን እየቆጠበች። ቁጢጥ ብድጉን ጨረሰች። ፑሽ አፑንም እንደምንም ጨረሰች። ባለበት ሩጫው ላይ ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ፤ ይበቃል እያልኩ ስጮህ ከተማው ሙሉ እየሮጠ ስለነበረ ድምፄ አልተሰማም። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወደ እኔ ዞረች። የሆነ ነገር ልትነግረኝ ነበር። ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና መድረኩ ላይ በጎኗ ወደቀች።

ሮጬ ስደርስ ከኋላዬ ትልቅ ድምፅ ሰማሁ። ከተማው ሁሉ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ሹማምንቱ፣ ዳኛው፣ ጥሩንባ ነፊው፣ አሮጊቶቹ፣ ሕፃናቱ ሁሉ በቀኝ ጎናቸው፣ አንድ እጃቸውን ከሥራቸው አድርገው፣ ልክ እንደ እሷ። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። በሕይወት አለች፤ ልቧ እንደ ተያዘች ወፍ ይንፈራገጣል። ቃሬዛ አምጡ፣ እግሯን ያዙልኝ ብዬ ጮህኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ጋሽ አጥናፉ ከመድረኩ ሥር ነበሩ። ወርጄ ትከሻቸውን ነቀነቅኳቸው። «ጋሼ፣ ልጅዎ ናት፣ ተነሱልኝ» አልኳቸው።

ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «እሷ ሳትነሳ እኔ እንዴት እነሳለሁ፣ በለጠ?» አሉኝ።

ብቻዬን ጀርባዬ ላይ አዘልኳት። በተኙት መካከል መንገድ ስላልነበረ የሰው እጅና እግር እየረገጥኩ ወጣሁ፤ ከረገጥኳቸው አንድም ሰው አልጮኸም። በራችን ላይ ስደርስ ጀርባዬ ላይ የነበረው ትንፋሽ ቆሞ ነበር። አልጋው ላይ አስተኝቼ ነጠላዋን አለበስኳት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ሹሞች በሬን አንኳኩ። ቀኝ ጎናቸው አቧራ ለብሷል። ለሕዝብ ጉዳይ በልዩ ፈቃድ የተነሱ መሆናቸውን አስረዱኝ። ሕዝቡ አሁንም አደባባይ ተኝቷል፣ ሕፃናት ውሃ ጠምቷቸዋል፣ ነፍሰ ጡሯን ምጥ ይዟታል አሉ። ያለ ልክ ማንንም ማስነሳት አይቻልም። ስለዚህ ዘነቡን ለጥቂት ጊዜ እንዳበድራቸው፣ መድረኩ ላይ ቀና አድርገው አቁመው እንደሚመልሷት በአክብሮት ለመኑኝ።

ዞሬ አየኋት። እንደዚያ ተዝናንታ ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ገና ዕረፍት ላይ ናት» አልኳቸውና በሩን ዘጋሁት።